በሁለት ቤት ጾም መካከል

ከዚህ በታች ከምጽፈው ውስጥ አንዳንዱ ልክ ላይሆን ይችላል። የአባቴ ሱቅ በር አረንጓዴ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ታላቅ እህቴ አስካለ ግን እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ድረስ «ሰማያዊ ነበር» እያለች ትከራከረኝ ነበር። የአቡጀዴው ዋጋ፣ የካሚዮኑ ሾፌር ስም፣ ዝናቡ ያባራበት ሳምንት ሁሉ ተምታቶብኛል። ዩኒቨርሲቲ አስቀድሞ ያስተማረኝ ነገር ምንጭን መጠራጠር ነበር፤ ዛሬ ሰማንያን ካለፍኩ በኋላ የምጠራጠረው ምንጭ እኔው ራሴ ሆኛለሁ። በዋናው ጉዳይ ግን አልተሳሳትኩም። እህቴ ምግብ ባልጠፋባቸው፣ በሚወዷት ሁለት ቤቶች መካከል እየተመላለሰች በረሃብ ልትሞት ደርሳ ነበር። ይህን በእርግጠኝነት የምናገረው ድርሻዋን ስበላላት የነበርኩት እኔ በመሆኔ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ኅዳር ሱሪ ላሳጥር የገባሁበት የልብስ ስፌት ቤት ነው። ደሴ፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣ ባጃጆች ጡሩምባቸውን በሚያንጫርሩበት ቁልቁለት ላይ ነው። ውስጥ ስገባ የመኪና ዘይትና በጋለ ካውያ ሥር የሚተን እርጥብ ጨርቅ ሸተተኝ፤ ያ ሽታ የልጅነቴ ሽታ ነው። ከእኔ በፊት አንዲት እናት ልጇን ይዛ ቆማለች። ልጅቷ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ስባዋለች፤ ዩኒፎርሟ ትከሻዋ ላይ እንደ ተሰቀለ ልብስ ተንጠልጥሏል። ሰፊው ጨርቁን ቆንጥጦ ያዘና «ባለፈው ወር አጥብቤው አልነበር እንዴ?» አለ። እናትየው ሳቀች። «ምን ላድርግ ብለህ ነው? ጾመኛ ሆናብኛለች! እኛ ቤት እንደሷ የሚበረታ የለም።» በድምጿ ውስጥ ኩራት ነበረበት። ያንን ኩራት አውቀዋለሁ፤ በአባቴ ድምፅ ሰምቼዋለሁ። ሱሪዬን እንዳቀፍኩ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

አባቴ አቶ ተሰማ፣ ጣሊያን በከተማው በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ወደ ሰኞ ገበያ በሚያወርደው መንገድ ዳር በአንዲት የእጅ መኪና ይሰፋ ነበር። ካኪ ቁምጣ፣ የአቡጀዴ እጀ ጠባብ፣ ለሠርግ ደግሞ ጥልፍ ያለው ቀሚስ ይሠራል። አቡጀዴው በክንድ ሁለት ሊሬ ይሁን ሦስት ዘንግቼዋለሁ፤ የገጠሩ ሰው ግን ሊሬውን ንቆ ማርትሬዛ ብሩን ድንጋይ ላይ አቃጭሎ ጩኸቱን ሲሰማ ብቻ ፊቱ እንደሚበራ አልረሳም። ከማዶው ሻይ ቤት ከሰዓት በኋላ አንድ መሲንቆ መቺ በአምባሰል ቅኝት ይጫወታል፤ ባለቤቱ ሲሰለቸው የሸክላ ማጫወቻውን ያስነሣና ቋንቋውን ማናችንም የማናውቀው የጣሊያን ዘፈን ጦሳ ተራራ ድረስ ይሰማል። የአባቴ ሥራ አንድ የራሱ ልማድ ነበረው። ሜትር ገዝቶ አያውቅም፤ ሰውን የሚለካው በወፍራም ነጭ ፈትል ነበር። ከጫፉ እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ ወገብ፣ እስከ ሁለተኛው ደረት፣ እስከ ሦስተኛው ቁመት። እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ክር አለው፤ የኛ የቤተሰቡ ደግሞ ከመኪናው ራስጌ ካለው ምስማር ላይ ጎን ለጎን ተንጠልጥለዋል። አባቴ ክሮቹን ሳያይ፣ በጣቱ ዳብሶ ብቻ፣ «ይህ ያንተ ነው፣ ይህ የእናትህ ነው» ይል ነበር።

የአስካለ ዕድሜ ያኔ አሥራ ስድስት፣ የእኔ አሥራ አምስት ቢሆን ነው። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ትማርበት የነበረው ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ አንድ የማታውቀው ሰው በሽማግሌ ጠይቋት ለጥር ቀን ተቆርጧል። ደልደል ያለች፣ ሳቂታ ልጅ ነበረች። የሠርጉ ቀሚስ የሚለካ ዕለት ሱቁ በደንበኛ ሞልቶ ነበር። አባቴ ክሩን በወገቧ ሲያዞር አንድ ካኪ ሊያሰፋ የመጣ ሰው «አቶ ተሰማ፣ ለዚች ሙሽራ አንድ ጣቃ አይበቃህም፤ ካሚዮን ሙሉ ጨርቅ አስመጣ!» አለ። አባቴም በጨዋታ «ካሚዮኑስ መጣ፤ ክር ከየት ላምጣላት?» ብሎ መለሰ። ሁላችንም ሳቅን። እሷም ሳቀች። በዚያ ዘመን ደልደል ማለት ለሴት ልጅ ምስጋና እንጂ ነቀፋ አልነበረም፤ ሰዎቹ ክፉ አላሰቡም። ከሳምንት በኋላ ግን የእሷ ክር ከምስማሩ ላይ አልነበረም። አባቴ «አይጥ ወሰደው» አለና ሌላ ለካ፤ ሲለካም ደስ አለው። «እሰይ፣ ቀጠን ብላለች። ሸምበቆ ትመስላለች!» አለ። ቀሚሱን አጠበበው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ አጠበበው፤ በእያንዳንዱ ጊዜም አመሰገናት።

አሁን ወደ ኮምቦልቻ ልውረድ። የአባቴ ታላቅ እህት ኮምቦልቻ ውስጥ እንድሪስ የሚባል የልብስ ነጋዴ አግብታ ሰልማ ነበር፤ ስሟም ዘሀራ ሆነ። በወሎ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ብርቅ አይደለም፤ ባንድ ለቅሶ ላይ ቄሱም ሼሁም የሟች ዘመድ ሆነው ይገኛሉ። አባቴ የሰፋውን ጋሽ እንድሪስ ይሸጠው ስለነበር አስካለና እኔ የልብሱን ጥቅል ይዘን በካሚዮን የሐረጎን ጠመዝማዛ እንወርዳለን፤ የሳምንቱን ግማሽ ቆላው ላይ፣ ግማሹን ደሴ እናሳልፋለን። አክስቴ ለኛ ለክርስቲያኖቹ የተለየ ድስት ነበራት፤ ሥጋ ቢሆን በክርስቲያን እጅ ታሳርዳለች። ደሴም አክስቴ ስትመጣ እናቴ እንደዚያው ትጠነቀቅላታለች። ስለ ጾም፣ ስለ እርድ ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ መጠየቅ ነውር ነበር። ይህ ጨዋነታችን የምኮራበት ነው። እህቴም የተደበቀችው በዚያው ጨዋነት ውስጥ ነበር።

በዚያ ዓመት መስከረም ሊያልቅ ሲል አስካለ የጽጌን ጾም እንደምትጾም ተናገረች። የጽጌ ጾም የፈቃድ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ይጾመው የነበረ የለም። እናቴ በደስታ እንባዋ መጣ። ብዙም ሳይቆይ ረመዳን ገባ። እንግዲህ ደሴ ላይ «አክስቴ ቤት ጠግቤ ነው የመጣሁት» ትላለች፤ አባቴ «እውነት አብልተውሽ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የእህቱን ገበታ ማማት ስለሚመስለው ዝም ይላል። ኮምቦልቻ ቀን ቀን ማንም አይበላም። ማታ ሲያፈጥሩ፣ ተምሩና ሾርባው ሲቀርብ፣ «እኔ ጽጌ ጿሚ ነኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በልቻለሁ» ትላለች። አክስቴ ሃይማኖቱን የተወች ሰው ናትና በተወችው ጾም ላይ አፍ መክፈት አትደፍርም። እያንዳንዱ ቤት ሌላው ያበላታል ብሎ ያምን ነበር።

እኔ ግን አውቅ ነበር። ለብቻዋ የሚቀመጥላትን ምግብ ጓዳ ይዛኝ ገብታ «ብላልኝ» ትለኛለች። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ጠግቦ አያውቅም፤ በላሁላት። ሽሮውን፣ ክኩን፣ ከገራዶ የሚመጣውን ጎመን ሁሉ። አንድ ቀን «አንቺስ?» ብዬ ጠየቅኳት። «እኔማ እያየሁህ እጠግባለሁ» አለችኝና ጉንጬን ቆነጠጠች። «አንተ ከነገርክ ግን ሁለተኛ እህት የለህም።» በነዚያ ሳምንታት ያየሁት ነገር ዛሬ እንደ ትናንት ነው የሚታየኝ፤ እዚህ ላይ ትዝታዬን አልጠራጠረውም። ራሷ አትበላም እንጂ ለሌላው ሰው መሥራትና ማቅረብ ትወድ ነበር፤ የሰውን ጉርሻ በዓይኗ ትቆጥራለች። በኮምቦልቻ ሙቀት፣ ሰው ሁሉ በሽርጥ ሲውል፣ እሷ በረጅም እጅጌ ላይ ጋቢ ደርባ «በረደኝ» ትላለች። ቀጠፍ ቀጠፍ እያለች እስከ ቦርከና ወንዝ ወርዳ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ማበጠሪያዋ ፀጉር ይዞ ይወጣል። ክንዷ ላይ እንደ ሕፃን ያለ ስስ ጠጉር በቀለ። ሳቂታዋ ልጅ ነገር ፈላጊ ሆነች፤ ከሰው ጋር ለገበታ መቀመጥ ሲመጣ ሁልጊዜ አንድ ሥራ ይገኝላታል። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል። አንድ ላይ ሲመጡ ግን ሊጠየቅባቸው ይገባ ነበር፤ እኔ አፌ ሙሉ ስለነበር አልጠየቅኩም።

ያወቀችብን አክስቴ ናት፤ ያወቀችውም በእኔ ጉንጭ ነው። ዒድ ካለፈ ማግስት ይመስለኛል፣ ግቢው ውስጥ አስጠራችኝ።

«አንተ፣ ና እስቲ ወዲህ። ምን በልተህ ነው እንዲህ ጉንጭህ የተነፋ?»

«ምንም፣ አክስቴ።»

«ምንም የበላ ሰው እንዲህ አይወፍርም፤ ወላሂ በጥር የምትዳረው አንተ ነህ የምትመስለው!» ስቃ ሳትጨርስ ፊቷ ተለወጠ። «አስካለ ስትበላ ያየ ማነው? አንተ አይተሃል? በዚህ ወር፣ በዓይንህ፣ ስትውጥ?»

  ምድሩን እያየሁ «እኔ ነኝ የምበላላት» አልኩ። እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ያ ረቢ! እኛ እኮ እናንተ ታበሏታላችሁ ብለን...» አለች፤ አልጨረሰችውም።

በማግስቱ ቁስቋም ነበር፤ የጽጌ ጾም የሚፈታበት ዕለት። አክስቴ ወደ ደሴ አላሳፈረችንም። «ዛሬ እዚሁ ትፈስኩልኛላችሁ» አለችና ገንፎ አገነፋች፤ መሀሉን በቅቤ ሞላች፣ ዳሩን እርጎ አፈሰሰችበት። እርድ የለበትም፤ የእስላም የክርስቲያን አይባልም። ሁለት ማንኪያ አቀረበችና እኔን ከገበታው አስነሥታ ከበሩ አጠገብ አስቀመጠችኝ።

አስካለ ሳህኑን አየችና የመጨረሻ ሰበቧን ሞከረች። «አክስቴ፣ ዛሬ ሐሙስ አይደል እንዴ? ሐሙስ ሐሙስ ይጾሙ የለም?»

«እሱ ሱና ነው የኔ እመቤት፤ በፈቃድ ነው። ፈርዱን፣ የግዴታውን፣ ጨርሻለሁ። ከረመዳን ቀጥሎ የሚጾመውን የሸዋልን ስድስት ቀንም ገና ልጀምር ነበር፤ እሱም ይቆየኛል። ዛሬ የምበላው ካንቺ ጋር ነው። እጅሽን አምጪ።»

ልታስታጥባት ውሃውን ስታፈስ እጅጌው ወደ ላይ ተሰበሰበ። ከክርኗ በላይ፣ ክንዷ ላይ፣ ከምስማሩ የጠፋው ነጭ ክር ተጠምጥሟል። ቋጠሮው አንድ አልነበረም፤ አባቴ ለወገቧ ከቋጠረው ወዲህ ሌላ፣ ከዚያም ወዲህ ሌላ፣ ወገቧ በቀነሰ ቁጥር የቋጠረቻቸው ጥቅጥቅ ብለው ተደርድረዋል። አክስቴ አየችው።  ውሃውን አፍስሳ ጨረሰች፣ እጇን በነጠላዋ አደረቀችላት፣ ማንኪያውን አስያዘቻትና ራሷ ቀድማ ጎረሰች። «እኔ አንድ፣ አንቺ አንድ» አለቻት። ማንኪያው ከሳህኑ እስከ አፏ ለመድረስ የወሰደበትን ጊዜ ልገምተው አልችልም። እህቴ ጎረሰች። አለቀሰች። አክስቴ «ጎበዝ» አላለችም፣ «ጨምሪ» አላለችም፤ ስለ ገበያው፣ ስለ ጎረቤት ፍየል እያወራች ሁለተኛውን ጎረሰች። ሦስት ማንኪያ ያህል ሄደ። ከዚያ አስካለ ወደ በሩ ዞር ብላ አየችኝ። «ነገርክ» አለች። እስከ ገና ድረስ ከእኔ ጋር አልተነጋገረችም።

ጋሽ እንድሪስ ያመጣው የሐኪም ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ የልብ ምቷን ቆጠረና በጣም መዝገሙ እንዳስፈራው ተናገረ። ባንድ ጊዜ ብዙ እንዳትበላ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ሰውም ሳይለያት እንዲሆን አጥብቆ አሳሰበ። አጥሚቱ በማንኪያ ተጀመረ። አባቴ መልእክት ደርሶት በማግስቱ በካሚዮን ወረደ፤ አቧራውን ሳያራግፍ ገባ።

«እታለም፣ ምን ሆነችብኝ? ጾም ነው ብላኝ እኮ...»

አክስቴ ክሩን አውጥታ በእጁ አስቀመጠችለት። አባቴ እንደ ልማዱ ሳያይ በጣቶቹ መሀል አሳለፈው። ከቁመቷ በኩል ጀምሮ የራሱን ሦስት ቋጠሮዎች አለፈ። እሱ ባልቋጠረው በአራተኛው ላይ ጣቱ ቆመ። የቀረውን ማንም ሊያስረዳው አላስፈለገም፤ ሃያ ዓመት በእንጀራነት የያዘው ሙያ ነው። እንደ ደከመው ሰው መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«ያንቺን ቤት ገበታ መጠየቅ ነውር መስሎኝ» አለ በመጨረሻ።

«እኔም ያንተን ጾም መንካት ነውር መስሎኝ» አለችው። «ተሰማ፣ እኔ የተውኩት ጾምህን ነው እንጂ ልጅህን አይደለም። ከእንግዲህ እኔም እጠይቅሃለሁ፣ አንተም ጠይቀኝ። ያንንም ቀሚስ ተርትረው።»

ተረተረው። ለጥር የተቆረጠው ሠርግ ቀረ፤ ሽማግሌዎቹ ቅር አላቸው፣ አባቴ ግን አልተመለሰም። የንስሐ አባታችንም የፈቃድ ጾም ለታመመ ሰው እንዳልታዘዘ ነግረው ምግብ እንድትወስድ ገዘቷት። እህቴ ኮምቦልቻ እስከ ክረምቱ መግቢያ ተቀመጠች። መዳኗ ቀጥ ያለ መንገድ አልነበረም፤ አንዳንድ ሳምንት ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ ጉርሻ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትገኛለች። አክስቴ አትቆጣትም። ሳህኑን እንደገና ታቀርባለች፣ ራሷም እንደገና ትቀመጣለች። ያቺ ሴት አንድ መጽሐፍ ሳታነብ ያደረገችውን፣ እኔ ከብዙ ዓመት በኋላ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ስለ አመጋገብ መታወክ ሳነብ ከሞላ ጎደል እንዳለ አገኘሁት።

ዛሬ ይህ ሕመም ሲነሣ ቴሌቪዥኑና ስልኩ ያመጡት የሰለጠነ አገር በሽታ ነው የሚሉኝ አሉ። አልቀበልም። እኛ ቤት ቴሌቪዥን ቀርቶ ሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስታወት አልነበረም። አንድ ምክንያት ፈልጎ ጥፋቱን እሱ ላይ መጫንም ስሕተት ነው። አባቴ ስለ ካሚዮኑ ቀልድ እስኪሞት ራሱን ወቀሰ፤ ቀልዱ ግን አንድ ክር ብቻ ነበር። መንገድ ላይ ከኋላዋ ያፏጩ የነበሩት ወታደሮች፣ የተዘጋው ትምህርት ቤት፣ ሳትጠየቅ የተቆረጠው የሠርግ ቀን፣ ሁሉን በልክና በንጽሕና መሥራት የሚወደው የራሷ ጠባይ፣ ሌሎቹ ክሮች ናቸው። ቀጭንነትን እኛ ስናመሰግንላት ቋጠሮውን አጠበቅነው። እሷ ራሷ አያት ከሆነች በኋላ አንድ ቀን ጠይቄያት ነበር። «ቀኔም፣ መንገዴም፣ ባሌም በሰው እጅ ነበር» አለችኝ። «የኔ የነበረው ጉሮሮዬ ብቻ ነው፤ እሱን ዘጋሁት። በኋላ ልክፈተው ስል እንቢ አለኝ።» ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁም።

ወደ ስፌት ቤቱ ልመለስ። ሰፊው ሜትሩን ሊዘረጋ ሲል ተነሣሁና እናትየውን ወደ በሩ ጠራኋት። «ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ፤ የማይመለከተኝ ነገር ነው። ይቺ ልጅ ስትበላ በዓይንሽ ያየሽው መቼ ነው?» አልኳት። ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ከዚያ አሰበች። «ጧት ትምህርት ቤት እበላለሁ ትላለች፤ ማታ አያቷ ጋ...» ብላ ጀመረችና አቋረጠችው። ወደ ልጇ ዞረች። «አይጠበብ፣ ተወው» አለችው ሰፊውን። ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሐኪም ቤት አሳየኋት፤ እጇን ይዛት ስትሻገር እስካጣቸው ድረስ በዓይኔ ሸኘኋቸው።

እቤት ገብቼ አንድ ነገር ከነከነኝ። «ዛሬ ሐሙስ አይደል እንዴ?» ያለችው እህቴ ነበረች፣ ወይስ ታሪኩ እንዲያምርልኝ እኔ ነኝ ሐሙስ ያደረግኩት? ረመዳንና ጽጌስ በእውነት ገጥመው ነበር? አንድ የባሕረ ሐሳብ አዋቂ መሪጌታና አንድ የሂጅራ አቆጣጠር የሚያውቁ ሼህ ዘንድ ለየብቻ ሄጄ አስቆጠርኩ፤ የአንዱን ለሌላው አልነገርኩም። ሁለቱ ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። በዚያ ዓመት ሁለቱ ጾሞች አብረው ወርደዋል፤ ዒድ ቁስቋምን በጥቂት ቀን ቀድሞታል። ቁስቋም የዋለውም ሐሙስ ነው። ረቡዕ ጾም ነበር፣ ዓርብ ጾም ነው፤ ሁለቱ ጾሞች ከገቡ ወዲህ በሁለቱም ቤት ጾም ያልነበረበት የመጀመሪያው ቀን ያ ሐሙስ ነበር።